«ብርድ ነው» ስንል የሚያመልጡን ወራት

(ይህ ጽሑፍ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ስለ አንድ የመገጣጠሚያ በሽታና ስለ ሕክምናው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን አመሻችሁ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ተወልዳ፣ ደብረ ብርሃን ኖራ፣ እዚያው ያረፈች ሴት ናት። በ42 ዓመቷ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታዘዝ ይሏት ጀመር። ጀበናውን በአንድ እጇ አንሥታ መቅዳት ስላቃታት ሁለተኛውን እጇን ከሥር ትደግፍበት ነበር። ሊጥ ባቦካች ማግስት የእጇ አንጓ አብጦ ያድራል። ረፋድ ላይ፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ይለቃታል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ሰዎች መልሱ እንዴት ቅርብ እንደነበረ ይገባችኋል። ጎረቤቱም ዘመዱም እርሷም «ብርድ ነው» አሉ፤ ፀሐይ ሲነካት መሻሉም ለሁሉም ማረጋገጫ ሆነ። ያሻላት ግን ፀሐይዋ አልነበረችም። ከእንቅልፏ ከተነሣች ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆናት ነበር። በሌላ ምድር፣ በሐሩር አገርም ብትኖር፣ ጠዋት ትታሰርና ረፋድ ላይ ትፈታ ነበር።

በቅቤ ታሸች። ፍል ውሃ ወረደች። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋች። አንድ የጤና ተቋም ውስጥ «ሪህ ነው» ተብላ ሥጋ እንድትተው ተነገራት፤ ተወች። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሄደ። አዲስ አበባ ይዣት ስሄድ ሐኪሙ የሁለት እጆቿን አንጓዎች በቀስታ ጫን ጫን አደረጉና ምርመራው ሳያልቅ ስሙን ነገሩን፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ። ያን ጊዜ ጣቶቿ ሁሉ ወደ ትንሿ ጣት ጋድለው ነበር። መድኃኒት ተጀመረላት፤ ሕመሟ ቀነሰ። ጣቶቿ ግን አልተመለሱም። እስክታርፍ ድረስ እንጀራ አልጋገረችም።

የጋበዛችሁኝ ስለ ባዮሎጂክ መድኃኒቶች፣ ማለትም በሕያዋን ሕዋሳት ስለሚመረቱ የፕሮቲን መድኃኒቶች፣ እንድናገር ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በደም ሥር በሚሰጡበት ክፍል በነርስነት ስለምሠራ በየቀኑ አብሬያቸው እውላለሁ። ከእናቴ አራት ዓመት የጀመርሁት ግን እነዚህ ውድ መርፌዎች ከሁሉ በላይ የሚጠቅሙት በጊዜ ለደረሰ ሰው ስለሆነ ነው። በሽታውን ጸጥ ያሰኙታል፤ የተቦረቦረ አጥንት ግን መልሰው አይሞሉም።

ቁርጥማት የሚለው ቃላችን በጣም ሰፊ ነው። በዕድሜ ያለቀ ጉልበት ቁርጥማት ነው። በሌሊት የእግር አውራ ጣትን የሚያቃጥለው ሪህም ቁርጥማት ነው። የጉሮሮ ቁስለትን ተከትሎ ሕፃናትን የሚይዘውና የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳትም በየቤታችን ቁርጥማት ይባላል። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው «ይሄ ነገር ልቤን ይይዘኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። በሽታዎቹ የተለያዩ ናቸው። (ሩማቶይድም ሳይታከም ሲቆይ ልብን ይጎዳል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው፤ የሚያጠቃው የደም ሥሮችን ነው።) አንድ ቃል ለሁሉም ሲሆን፣ የሚቻኮለውና የማይቻኮለው በሽታ አንድ ላይ ይታያል። ሩማቶይድ ደግሞ የሚቻኮል በሽታ ነው።

የሚለይባቸውን ምልክቶች ልንገራችሁ። ከእንቅልፍ ስትነሡ መገጣጠሚያችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስሮ ይቆያል። የሚያብጡት ትንንሾቹ ናቸው፤ የእጅ ጣቶች ሥርና መካከል፣ የእጅ አንጓ፣ የእግር ጣቶች ሥር። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝም በግራም ነው። እብጠቱ ሲነካ ለስለስ ይላል፤ እንደ አጥንት አይጠነክርም። ይህ ስድስት ሳምንት ካለፈው ብርድ አይደለም። በዓለም ላይ ከ100 እስከ 200 አዋቂዎች መካከል አንዱን ይይዛል፤ ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ይይዛል፤ ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል። የደም ምርመራ አለ፤ ነገር ግን ደሙ ንጹሕ የሆነ ሰውም በሽታው ሊኖርበት ይችላል። «ደምሽ ምንም የለውም» ተብላችሁ እጃችሁ ካበጠ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

በውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ቆዳ አለ። ገላን ከተሐዋስያን የሚጠብቀው የመከላከያ ሥርዓታችን ይህንኑ ስስ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዘምትበታል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያም ወደ ልም አጥንቱና ወደ አጥንቱ እየገባ ይቦረቡረዋል። ብዙ ሰው ላይ ቡርቡሩ በራጅ መታየት የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን ከሦስት እስከ ስድስት ወራት እንደ ክፍት በር የሚያዩት ለዚህ ነው።

በዚያ በር መጀመሪያ የሚገባው መድኃኒት ባዮሎጂክ አይደለም። ሜቶትሬክሴት ነው። ለካንሰር የተሠራ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ በአሜሪካ ለሩማቶይድ የተፈቀደው በ1988 ሲሆን ዛሬም የሕክምናው ምሰሶ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሰው ግን «የካንሰር መድኃኒት» ሲባል ይደነግጣል። የምንሰጠው መጠን ለካንሰር ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ልናገር፤ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ አይደለም! ተሳስተው በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል። ለታካሚዎቼ ቀን አስመርጣቸውና ሳጥኑ ላይ በአማርኛ እጽፍላቸዋለሁ። ጾመኞች ረቡዕንና ዓርብን አይመርጡም፤ ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻቸዋል። ብዙዎቹ እሑድን፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተው፣ ይመርጣሉ። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፤ ማቅለሽለሹንና የአፍ ቁስሉን ይቀንሳል። ጠላም ሆነ አረቄ ከጉበት ጋር ያጣላዋልና አሳንሱ። ልጅ የምታስብ ሴት ደግሞ አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ ሜቶትሬክሴት ፅንስን ይጎዳል፤ በእርግዝና ጊዜ የሚሆኑ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

ሜቶትሬክሴት በሦስት ወር ለውጥ ካላሳየ፣ በስድስት ወር ከታሰበው ግብ ካላደረሰ፣ ያን ጊዜ ነው ባዮሎጂክ የሚጨመረው። የሚጨመረው አልሁ፤ የሚተካው አላልሁም። ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ ያስደንቀኛል። ለንደን ውስጥ በኬኔዲ የሩማቶሎጂ ተቋም ማርክ ፌልድማን፣ ራቪንደር ማይኒ፣ ፊዮኑላ ብሬናንና ባልደረቦቻቸው ከታካሚዎች መገጣጠሚያ የተወሰዱ ሕዋሳትን ያጠኑ ነበር። የሚቆጣው መገጣጠሚያ ውስጥ ብዙ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይንጫጫሉ። ብዙ ሳይንቲስቶች «አንዱን ዝም ብታሰኙት ሌሎቹ ይቀጥላሉ፤ ምን ይጠቅማል?» ይሉ ነበር። በ1989 ያወጡት ግኝት ግን አንዱ፣ ቲኤንኤፍ የሚባለው፣ ሲያዝ ሌላውም አብሮ እንደሚረግብ አሳየ። በ1992 ቲኤንኤፍን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ለመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች በቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ተሰጠ። ቀጥሎ በ1994 የታተመው ጥናት 73 ሰዎችን ያሳተፈ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 24 ሰዎች 19ኙ በአራተኛው ሳምንት ተሻላቸው፤ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ከተሰጣቸው 24 ሰዎች ግን ሁለቱ ብቻ። ፌልድማንና ማይኒ በ2003 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የሕክምና ምርምር ሽልማት አገኙ።

ከዚያ ጥናት እኔ ለታካሚዎቼ ደጋግሜ የምነግረው ሌላውን ክፍል ነው። ከሳምንታት በኋላ መድኃኒቱ ከገላ ሲወጣ በሽታው ተመለሰ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ ባዮሎጂክ በሽታውን ያስተኛዋል፣ አይነቅለውም። «ስንት ጊዜ ነው የምወጋው?» ለሚል ሰው «እንደ ኮርስ የሚጨረስ አይደለም» እላለሁ። ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚጠቁር ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ዘመድ የሌለው ቤት ግን በመካከላችን ጥቂት ነው፤ ያንን እንደተቀበልን ይህንንም መቀበል ይቻላል።

ያ የመጀመሪያው መድኃኒት ዛሬ ኢንፍሊክሲማብ ይባላል፤ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። ኤታነርሴፕት በየሳምንቱ፣ አዳሊሙማብ በየሁለት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ሰው ራሱን ቤቱ መውጋት ይማራል። ቲኤንኤፍን ትተው በሌላ በር የሚገቡ አባታሴፕት፣ ቶሲሊዙማብና ሪቱክሲማብ አሉ። አንዱ አልሠራ ሲል ሌላው ይሞከራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ ለዓመታት ሲወሰድ ምን ያመጣል? ለዚህ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ፤ ቤስት ይባላል። ከ2000 እስከ 2002 ድረስ በሽታው ገና የጀመራቸው 508 ሰዎች በዕጣ በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በአንድ መድኃኒት ጀምሮ አልሠራ ሲል ወደ ሌላው ይዛወራል። ሁለተኛው በላዩ ላይ ይጨምራል። ሦስተኛው ከመነሻው ብዙ መድኃኒቶችን ፕሬድኒሶን ከሚባለው ስቴሮይድ ጋር ይወስዳል። አራተኛው ከመነሻው ሜቶትሬክሴትና ኢንፍሊክሲማብ ይሰጠዋል። ለአራቱም አንድ የጋራ ሕግ ነበር፤ በየሦስት ወሩ ያበጠና የሚያም መገጣጠሚያቸው ይቆጠራል፣ ደማቸው ይታያል፣ ውጤቱ ከተወሰነው ግብ በላይ ከሆነ ሕክምናው ይቀየራል። ዛሬ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይቆይ የሚባል ነገር የለም።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛውና አራተኛው ቡድን ቀድመው ተሻላቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራውን ሊያጣ ለሚፈራ ሰው ስድስት ወር ረጅም ነው። አራተኛው ቡድን ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታቸው ስለተኛ በሁለት ዓመት ውስጥ ኢንፍሊክሲማብን ማቆም ቻሉ። ከአሥር ዓመት በኋላስ? አራቱም ቡድኖች ተቀራረቡ። እጅና እግራቸው ደህና ይሠራ ነበር፤ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት በሽታቸው ተኝቶ ነበር፤ 14 ከመቶ ያህሉ ያለ ምንም መድኃኒት ጤነኛ ሆነው ይኖሩ ነበር፤ የሞት መጠናቸውም ከሌላው ሕዝብ የተለየ አልነበረም።

ይህን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ አለቀስሁ። ከአራቱ ቡድን ሁለቱ የጀመሩት በርካሹ መድኃኒት ብቻ ነበር። እናቴን ያመለጣት ከውዱ መርፌ በፊት በየሦስት ወሩ እጇን ይዞ የሚቆጥርላት ሰው ነበር።

ሌላው፣ ፕሪሚየር የሚባለው ጥናት፣ በሽታው ከጀመራቸው ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን 799 ሰዎች ያዘ። አንዱ ክፍል አዳሊሙማብ ብቻ፣ ሌላው ሜቶትሬክሴት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱን አብረው ከወሰዱት 49 ከመቶ ያህሉ በሽታቸው ተኝቶ ተገኘ፤ አንዱን ብቻ ከወሰዱት የዚህ ግማሽ ያህሉ። በሽታውን በማስተኛት ውዱ መርፌ ብቻውን ርካሹን ክኒን አልበለጠም! ስለዚህ መርፌው ሲጀመርላችሁ «ከእንግዲህ ክኒኑ ይቅር» አትበሉ። ሜቶትሬክሴት ገላችን መርፌውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይዋጋውም ያግዛል፤ ከዓመታት በኋላ «መርፌው መሥራት አቆመ» ከሚሉት አንዳንዶቹ ክኒኑን በድብቅ የተዉ ናቸው።

መቀነስስ ይቻላል? ይቻላል፤ በድንገት ግን አይደለም። በ2014 የታተመው ፕራይዝ የሚባለው ጥናት ውስጥ ገና በመነሻው ኤታነርሴፕትና ሜቶትሬክሴት ወስደው የተሻላቸው 193 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። የኤታነርሴፕቱን መጠን በግማሽ ቀንሰው ከሜቶትሬክሴት ጋር ከቀጠሉት 63 ከመቶዎቹ ደህና ሆነው ቆዩ። ሜቶትሬክሴት ብቻ ከቀጠሉት 40 ከመቶ። ሁለቱንም ካቆሙት 23 ከመቶ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይዛችሁ ሂዱ። «ተሽሎኛል፣ ለምን እወስዳለሁ?» የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ፣ የተሻላችሁ ስለምትወስዱት መሆኑን አስቡና ከሐኪማችሁ ጋር ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። ጸበል ለመግባት መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ጸበሉና መርፌው ተጣልተው አይቼ አላውቅም፤ መርፌውን አቁመው ከሁለት ወር በኋላ በክራንች የመጡ ሰዎች ግን አይቻለሁ።

አሁን ለእኛ፣ ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። ቲኤንኤፍ መጥፎ ነገር ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋስ ገላችን ውስጥ ሲገባ ከብቦ አጥሮ የሚያስቀምጠው ግንብ የሚቆመው በቲኤንኤፍ ነው። መርፌው ቲኤንኤፍን ሲይዝ ግንቡ ይላላል፤ ለዓመታት የተኛው ቲቢ ይነሣል። በ2001 የታተመ ጽሑፍ ኢንፍሊክሲማብ ወስደው ቲቢ የያዛቸውን 70 ሰዎች ቆጥሯል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከሳንባ ውጪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ሳይመረመር አይጀምርም። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከመካከላችን ሳያውቀው ድብቅ ቲቢ የተሸከመ ብዙ ነው። ድብቅ ቲቢ አይተላለፍም፣ አያስልም፣ አያሳፍርምም። ክንዳችን ላይ ያለው የልጅነት ክትባት ጠባሳ የቆዳውን ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል የደሙን ምርመራ ጠይቁ። ከተገኘ የመከላከያ ክኒን ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ያህል ከወሰዳችሁ በኋላ መርፌው ይጀመራል፣ ክኒኑም እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። የጉበት ቫይረስ ቢም እንዲሁ ይመረመራል። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ «ቤታችን ውስጥ ቲቢ ኖሮ አያውቅም» ብላችሁ አትደብቁ። አያታችሁ ለዓመት ስትስል የነበረች ከሆነ ንገሩት።

በዚህ ምክንያት ነው አንድ ልመና የምለምናችሁ። የተረፋችሁን መርፌ ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ ለአክስታችሁ አትላኩ። ልባችሁ እንደሚያዝን አውቃለሁ፤ እኔም ለእናቴ ለመላክ ያላሰብሁት ጊዜ አልነበረም። ያለ ምርመራ፣ ያለ ክትትል የተወጋ ሰው ቲቢው ቢነሣበት ማን ይደርስለታል? ሁለት መርፌ ልካችሁ ሦስተኛው ባይገኝ በሽታው ይመለሳል። ይልቅ ገንዘቡን ለምርመራና ለሐኪም ቀጠሮ ላኩ። የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስቶች አገራችን ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ሜቶትሬክሴት በትክክል፣ በጊዜ፣ በክትትል ሲወሰድ ግን ብዙ ሰው ከጉዳት ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 አዳሊሙማብንና መሰሎቹን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ተመሳሳይ ሆነው የሚሠሩ ርካሽ ዓይነቶችም መጥተዋል፤ አውሮፓ የመጀመሪያውን የኢንፍሊክሲማብ አቻ የፈቀደችው በ2013 ነው፤ እዚህ አሜሪካ የአዳሊሙማብ አቻ ገበያ የገባው በ2023 ነው። ኢንሹራንሳችሁ ወደ አቻው ሲቀይራችሁ አትደንግጡ። ኖርዌይ ውስጥ 482 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከኢንፍሊክሲማብ ወደ አቻው የተቀየሩት ካልተቀየሩት አላነሱም።

ስለ ጉዳቱ የሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ካንሰርን ነው። ብሪታንያ ከ2001 ጀምሮ፣ ስዊድንም በበኩሏ፣ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎችን እየመዘገቡ ሲከታተሉ ኖረዋል፤ በጥቅሉ ሲታይ ሌላ ሕክምና ከሚወስዱ የሩማቶይድ ታካሚዎች ይልቅ ካንሰር አልበዛባቸውም፤ ቆዳችሁን ግን አስመርምሩ። የበለጠ የምፈራው ኢንፌክሽንን ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት። ትኩሳት ካላችሁ የዚያን ሳምንት መርፌ ሳትወጉ ደውሉ።

ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ፣ መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ መቀዝቀዝ አለበት እንጂ መርጋት የለበትም። የረጋ መርፌ ቢቀልጥም ይጣላል። በእጅ ሻንጣችሁ ያዙት፤ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። መብራት ቢጠፋ አዳሊሙማብ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት፣ ከብርሃን ተጠብቆ፣ እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ የሌሎቹን ከወረቀታቸው አንብቡ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ክትባት፣ ማለትም በተዳከመ ሕያው ተሐዋስ የሚሠራ፣ ስለሆነ መርፌውን ከመጀመራችሁ በፊት ስለ እርሱ ተነጋገሩ።

ስለ አንዲት ታካሚዬ ነግሬያችሁ ላብቃ፤ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ሹሩባ ሠሪ ናት። በ34 ዓመቷ ጠዋት ጣቶቿ አልዘረጋ ሲሏት እናቷ በስልክ «ብርድ ነው ልጄ» አሏት። እርሷ ግን የምትበላው በጣቶቿ ነውና አልጠበቀችም፤ በሰባተኛው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ሜቶትሬክሴት ተጀመረላት፤ በስድስት ወሩ ግማሽ መንገድ ብቻ ወሰዳት። ድብቅ ቲቢ ተገኘባት፤ ክኒኑን ወሰደች። ከዚያ አዳሊሙማብ ተጨመረላት። ይኸው ሰባት ዓመት ሆናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ የነበረውን በየሦስት ሳምንቱ አድርገውላታል፤ አሁንም በየሦስት ወሩ መገጣጠሚያዎቿን እቆጥራለሁ። ባለፈው ጥምቀት የልጄን ሹሩባ የሠራችው እርሷ ናት። የልጄ ጸጉር ብዙ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። እጃቸውን ማሳየት የሚፈልጉ እናቶችም ወደ ፊት ይምጡ፤ እዚሁ አያቸዋለሁ።